ሜዳው ደጋ፣ ደጋፊው ቆላ

በመተማ ዮሐንስ ዋና መንገድ ዳር ያሉ የኳስ ማሳያ ቤቶች ማስታወቂያቸው በር ላይ የተደገፈ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ጠዋት አንድ ልጅ የትናንቱን ጨዋታ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርግና የዛሬውን በጠመኔ ይጽፋል። አርሰናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሊቨርፑል በየሰዓታቸው ይደረደራሉ። ፋሲል ከነማ በሚጫወትበት ቀን ግን ከሁሉም በላይ «ፋሲል» የሚለው ስም በትልልቁ ይወጣል፤ ተጋጣሚው ቦታ ካልበቃው ከሥር በትንሹ ይጨመራል። ሰሌዳውን ለሚያነብ ሰው ተጋጣሚው ማን እንደሆነ አይጠፋውም። ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከርበት ሰንብቷልና።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሰዉ ቀደም ብሎ ይገባል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቬንትሌተሩ የሚደርስበት ወንበር ጥቂት ነው፤ ዋናው ክርክር ደግሞ የሚጀመረው ፊሽካው ሳይነፋ ነው። ከፊት ልጆች መሬት ላይ ይዘረጋሉ። መሀሉ የወጣቶች ነው። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡት አንጋፋዎቹ ናቸው፤ «አያ» እየተባሉ የሚጠሩ፣ ውጤት በቃላቸው የያዙ፣ ወጣቱ ሲሳሳት ሳያዩ የማያልፉ። መብራት ሲጠፋ ማንም አይነሳም። ባለቤቱ ጄኔሬተር ሊያስነሳ ወደ ጓሮ ይሮጣል፤ እስከዚያው በስልኩ ሬዲዮ የከፈተ ሰው የቤቱ አለቃ ይሆናል።

ሬዲዮ ግን ጣጣም አለው። በሜዳው የተገኘው ዘጋቢ በሬዲዮ «ጎል!» ሲል የቴሌቪዥኑ ኳስ ገና መሀል ሜዳ ላይ ናት። ምስሉ ተጨምቆ፣ ወደ ሳተላይት ወጥቶ፣ ተመልሶ ዲኮደሩ እስኪፈታው ድረስ ሰከንዶች ያልፋሉ። ስለዚህ ከጎረቤት ሻይ ቤት ጩኸት ከተሰማ ማሳያ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ጎል እንዳለ ያውቃል፤ ማን እንዳገባው ግን አያውቅም። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ቤቱ ጸጥ ይላል። ጎሉ የፋሲል ከሆነ ጸጥታው ይፈነዳል፤ የተጋጣሚ ከሆነ ሁሉም ሰው ሬዲዮ የከፈተውን ሰው ይረግማል።

የአፄዎቹ አገር

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ከተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ከአዘዞ ተነስቶ የጭልጋዋን አይከል ካለፈ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል፤ በነጋዴ ባህር፣ በምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጎ ድንበር ላይ ያበቃል። ማዶ የሱዳኗ ገላባት ናት። ከዚያም መንገዱ ወደ ገዳሪፍ ይቀጥላል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚሁ ቆስለው ከሞቱት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። በዚያው ዞን ያለችው ቋራ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ናት። ፋሲል ከነማ በደጋፊዎቹ ዘንድ «አፄዎቹ» ተብሎ ሲጠራ ቅጽል ስሙ ለቆላው ሰው ባዕድ አይደለም። አንዱ አፄ በዚህ ምድር ተወልደዋል፣ ሌላው በዚህ ምድር ወድቀዋል።

ክለቡ ግን የጎንደር ከተማ ነው። ሜዳውም እዚያ ያለው አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ነው። ከመተማ ወጥቶ አንድ ጨዋታ አይቶ ለመመለስ የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የአልጋ፣ የምግብና የጠፋ የሥራ ቀን ይጠይቃል። የሰሊጥ ወቅት ከሆነ ጭራሽ አይታሰብም። ሰሊጥ ጊዜው ሲደርስ ካልታጨደ ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሊጉ የሚጀመርበት የመስከረምና የጥቅምት ሰሞን ደግሞ ያው የአጨዳው ሰሞን ነው። ስለዚህ የቆላው ደጋፊ ክለቡን ሲደግፍ የኖረው በጆሮውና በአፉ ነው። ጨዋታውን በሬዲዮ ይሰማል፣ ጎንደር ደርሶ የመጣን ሹፌር ይጠይቃል፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ይከራከራል። ቴሌቪዥኑ የመጣው በኋላ ነው።

ይህ የደጋፊነት ዓይነት ብዙ ጊዜ እንደ ጎደሎ ይታያል፤ «ስታዲየም ሳይገባ ምን ደጋፊ ነው» ይባላል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ያለፉት ዓመታት ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የጎንደሩም፣ የሶዶውም ደጋፊ መተማ ያለው ደጋፊ ከለመደው ኑሮ ጋር ተዋውቋል።

ከዳሽን መውረድ እስከ ዋንጫው

ፋሲል ከነማ የተመሠረተው በ1960 ዓ.ም. ነው። በፕሪምየር ሊጉ ጎልቶ የወጣው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የአሁኑ ፕሪምየር ሊግ በ1990 ሲጀመርና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ክለቦች፣ በተለይም ከቅዱስ ጊዮርጊስ እጅ እምብዛም አይወጣም ነበር። ጎንደርም ለጥቂት ዓመታት በሊጉ የተወከለችው በዳሽን ቢራ ክለብ ነበር። 2008 ለከተማዋ የሐዘንም የደስታም ዓመት ሆነ። ዳሽን ቢራ ከሊጉ ወረደ፣ ቀጥሎም ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት ፋሲል ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ አደገ። የፋብሪካ ክለብ ሲሄድ የሕዝብ ክለብ መጣ ማለት ነው። ደጋፊውም ልቡን የጣለው እዚያ ላይ ነው።

ከኋላ ግድግዳውን የተደገፉት አንጋፋዎች ደጋግመው የሚያነሱት ዓመት 2011 ነው። በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ይመራ የነበረው ፋሲል እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ ዋንጫውን በእጁ ሊያስገባ ተቃርቦ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከስሑል ሽረ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ፤ መቐለ 70 እንደርታ ድሬዳዋ ከተማን 2 ለ 1 አሸነፈ። መቐለ በ59 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፣ ፋሲል በ58 ሁለተኛ። አንዲት ነጥብ! የዚያ ዓመት ክርክር እስካሁን አልሞተም። አንዱ ጥፋቱን ሽረ ላይ ያደርጋል። ሌላው «ዋንጫ በመጨረሻው ቀን አይጠፋም፤ በየሳምንቱ በአቻ ውጤት የተጣሉትን ነጥቦች ቁጠር» ይላል። በቁጥር ከሄድን ሁለተኛው ትክክል ነው። የመጀመሪያው ግን ብዙ ሰሚ አለው፤ ሐዘን ቀንና ቦታ ሲኖረው ለመናገር ይቀላልና።

ያ ዘመን ለኳስ ብቻ የተተወ ዘመን አልነበረም። በአገሪቱ ፖለቲካ መክረር የተነሳ የአማራና የትግራይ ክለቦች በየሜዳቸው መገናኘት አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ የተጫወቱበት ጊዜ ነበር። የመቐለና የፋሲል ፉክክር የሁለት ጥሩ ቡድኖች ፉክክር ሆኖ ሊታይ ሲገባ፣ በብዙ ሰው ዘንድ ሌላ ትርጉም ተጭኖበታል። ማሳያ ቤት ውስጥ ያሉ አስተዋዮች ክርክሩ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ዘር ሲያመራ «ኳሱን እናውራ» ብለው ይመልሱት ነበር። ይህን ማለት በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፋሲል በዚያው ዓመት ሐዋሳ ከተማን አሸንፎ የኢትዮጵያ ዋንጫን በማንሳቱ ተጽናና። በኮንፌዴሬሽን ካፕም ለመጀመሪያ ጊዜ የታንዛኒያውን አዛምን ገጠመ። ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በ2012 ሊጉን እየመራ ሳለ ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። ደጋፊው ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ አጠገብ ደርሶ ተመለሰ።

ጎንደር ያላየችው የዋንጫ ጉዞ

2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያን እግር ኳስ አሠራር የቀየረ ዓመት ነው። የፕሪምየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን መብቱን ለሱፐር ስፖርት ሸጠ። ሊጉ በቤትኪንግ ስም መጠራት ጀመረ። ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት ቻሉ። በኮሮና ጥንቃቄና በቀረጻ ወጪ ምክንያት ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወቱ ጀመር። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ድሬዳዋ፣ በመጨረሻም ሐዋሳ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የትግራይ ክለቦች ስላልተሳተፉ ተወዳዳሪዎቹ 13 ነበሩ። እያንዳንዳቸውም 24 ጨዋታ አደረጉ።

ከአምስቱ አስተናጋጅ ከተሞች ውስጥ ጎንደር የለችም። ፋሲል ከነማ በአሰልጣኝ ስዩም ከበደ እየተመራ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በዚያ ዓመት ነው። ከአማራ ክልል ይህን ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው ክለብም ሆነ። ያሬድ ባየህ በአምበልነት፣ ሽመክት ጉግሳና ሱራፌል ዳኛቸው በማጥቃቱ፣ ሙጂብ ቃሲም በጎል አግቢነቱ የማይረሱበት ዓመት ነው። ሙጂብ ዓመቱን ሙሉ ጎል ቢያዘንብም የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ29 ጎል አዲስ ክብረ ወሰን ስላስመዘገበ የኮከብ ጎል አግቢነቱ ክብር ለእሱ አልሆነም። ይህ ሁሉ ሲሆን ፋሲል በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም።

እዚህ ላይ ነው የመተማው ማሳያ ቤት ነገር የሚመጣው። የጎንደር ከተማ ደጋፊ ያን ዓመት ክለቡን ያየው እንደ መተማው ደጋፊ በዲኤስቲቪ ነው። በዘመናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየሙ አጠገብ የሚኖረውና ከስታዲየሙ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው እኩል ሆኑ። ጎንደሬው አዲስ ልማድ መማር ነበረበት፤ ሜዳ ሳይገቡ መጮህ፣ ቀጥታ ባላዩት ነገር መከራከር፣ ካሜራው ካላሳየው ጥግ ላይ ምን እንደተፈጠረ መገመት። የቆላው ሰው ይህን ሁሉ ከድሮም ያውቀዋል። ካሜራ ሳይኖር በሬዲዮ ብቻ የተከላካይ ስህተት ሲተነትን የኖረ ሰው ነው።

አዲሱ አሠራር ያተረፈው አለ። ክለቦች ከቴሌቪዥን ገቢ ያገኛሉ፤ ተጫዋቾችም ይታያሉ። ሙጂብ ቃሲም ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ተዛውሯል። ድሮ ስሙን ብቻ የሚሰማ የገንዳ ውሃ ልጅ አሁን የተጫዋቹን ሩጫ፣ የሚወደውን እግርና አቋቋሙን ያውቃል። ክርክሩም ጠለቅ ብሏል። ያሳጣውም አለ። ስታዲየሙ ሲዘጋ የከተማው ካፌ፣ የባጃጅ ሹፌሩና ማሊያ ሻጩ የእሁድ ገበያቸው ቀርቷል። በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ከቆላ ወጥቶ ጎንደር ላይ ለመጮህ ገንዘብ የሚያጠራቅመው ጥቂት ደጋፊም ምክንያቱን አጥቷል።

ከድንበር ማዶ የመጣው ተጋጣሚ

ሻምፒዮን መሆን ለፋሲል የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ትኬት አስገኘለት። ዕጣው ሲወጣ ተጋጣሚው የሱዳኑ አል ሂላል ሆነ።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ አስቸጋሪ ዕጣ ነበር፤ ሂላል በ1987ና በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለፍጻሜ የደረሰ፣ በ1930 በኦምዱርማን የተመሠረተ ትልቅ ክለብ ነው። ለመተማ ሰው ግን ዕጣው ሌላም ነገር ነበረው። ገዳሪፍ ወርዶ በእርሻ የሠራ፣ ገላባት ተሻግሮ የነገደ ሰው የሂላልንና የመሪኽን ፉክክር ያውቀዋል። የኦምዱርማን ሁለት ክለቦች ጠብ በሱዳን ሻይ ቤት ሁሉ ይወራል፤ ሰማያዊና ነጭ ወይስ ቀይና ቢጫ ተብሎ ይጠየቃል። በድንበሩ ላይ የነበረው የወቅቱ ውጥረት መንገዱን ቢያጠበውም ኳሱ ግን አላቆመም።

በመስከረም 2014፣ በአዲሱ ዓመት መባቻ፣ ባሕር ዳር ላይ ፋሲልና ሂላል 2 ለ 2 ተለያዩ። በመልሱ ጨዋታ ሱዳን ላይ 1 ለ 1። ድምሩ 3 ለ 3። ሁለቱም ጨዋታዎች አቻ፣ ድምሩም አቻ፣ ፋሲል ግን ወደቀ። ምክንያቱ ከሜዳ ውጭ የገባ ጎል ደንብ ነው፤ ድምሩ እኩል ሲሆን በእንግድነት ብዙ ያገባው ያልፋል። ሂላል ባሕር ዳር ላይ ሁለት አግብቷል፣ ፋሲል ሱዳን ላይ አንድ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ይህን ደንብ የሻረው በዚያው ክረምት፣ ከጥቂት ወራት በፊት ነበር፤ በአፍሪካ ግን ገና ይሠራ ነበር። ሂላል አልፎ እስከ ምድብ ድልድሉ ደረሰ፤ እዚያም ከአል አህሊ፣ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስና ከራሱ ጎረቤት ከመሪኽ ጋር ተደለደለ።

በማሳያ ቤቱ ያ ምሽት ብዙ ክርክር አስነስቷል። «ሁለት ጊዜ ያልተሸነፈ ቡድን እንዴት ይወድቃል?» የሚለው የቁጭት ጥያቄ ዛሬም ይነሳል። አንጋፋዎቹ ግን መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው።

ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 በመልሱ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሷት ካርቱም ላይ በገቡት ሦስት ጎሎች ነው። ያን ጊዜ አገር ሁሉ ሲጨፍር ደንቡ ልክ አይደለም ያለ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አያ የሚባሉት ሰዎች ነገሩን የሚቋጩት እዚህ ላይ ነው፤ «ያን ጊዜ ወስደን አሁን ሰጠን፤ በአንድ ሚዛን ነው የተመዘንነው።» ወጣቶቹ ይህን አይቀበሉም። በሒሳቡ ግን ሊረቱት አይችሉም።

የሁለቱ አገሮች የኳስ ትስስር ከዚህም ይርቃል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲካሄድ የተሳተፉት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ካቋቋሙት አንዱም ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የድንበሩ ሰው ስለ ሱዳን ኳስ ሲያወራ ስለ ባዕድ እያወራ አይደለም።

የክርክሩ ሥርዓት

ማሳያ ቤት ውስጥ ያለው ክርክር ለእንግዳ ጩኸት ይመስላል። ሥርዓት ግን አለው። በመጀመሪያ የሚጠየቀው አሰላለፍ ነው፤ ማን ተሰልፏል፣ ማን ተጎድቷል፣ ማን በካርድ ተቀጥቷል። በጨዋታው መሀል የሚፈረድበት ዳኛው ነው። ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኙ። ሳምንቱ ሲጋመስ ደግሞ ክርክሩ ወደ ሰንጠረዡ ይዞራል፤ ቀሪ ጨዋታዎች ይቆጠራሉ፣ እንዲህ ቢሆን እንዲያ ቢሆን ይባላል። ጨዋታውን ያላየ ሰው መከራከር ይችላል፤ ውጤቱን የተሳሳተ ግን ለሳምንት አፉን ይይዛል።

ሰሊጥ ሲደርስ የክርክሩ ዓይነት ይለወጣል። ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከወሎ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የጉልበት ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከእሱ ጋር ሌሎች ክለቦችም ይወርዳሉ። የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊ ይመጣል፣ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ይመጣል። ከባሕር ዳሩ ጋር ያለው ክርክር ልዩ ጣዕም አለው። ሁለቱ ክለቦች የአንድ ክልል ናቸው፤ በወንድማማች መካከል ያለው ፉክክር ደግሞ ይመርራል። በ2014 ፋሲል ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ በ2015 ባሕር ዳር ሁለተኛ ሆነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋንጫውን የወሰደው ጊዮርጊስ ነው። የጊዮርጊሱ ደጋፊ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ አይናገርም። ፈገግ ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

ሌላው አዲስ ተከራካሪ ቤቲንግ ነው። በየከተማው የተከፈቱት የውርርድ ቤቶች በክርክሩ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰው አምጥተዋል፤ ክለብ የሌለው፣ ትኬት ብቻ ያለው። እሱ ፋሲል ሲያሸንፍ አይደሰትም፤ «ከሁለት ጎል በላይ» ካልገባ ይናደዳል። አንዳንዱ ደግሞ ከራሱ ክለብ ተቃራኒ ይቆርጣል፤ «ቢሸነፍም ገንዘቡ ያጽናናኛል» ብሎ። ነባሮቹ ደጋፊዎች ለዚህ ሰው ምሕረት የላቸውም። ደጋፊ ማለት ሲሸነፍም የሚጎዳ ሰው ነው ብለው ያምናሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ጉዳቱን በገንዘብ ያስያዘ ሰው ተመልካች እንጂ ደጋፊ አይባልም።

ሜዳ ያጡ ክለቦች

በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ የመተማ በር ለሸሹት ሰዎች ዋነኛ መውጫ ሆነ። ከካርቱምና ከገዳሪፍ መንገድ የመጡ ቤተሰቦች መጀመሪያ የደረሱት እዚህ ነው። ከዚያም ኩመርና አውላላ ወደተባሉት መጠለያዎች ተወስደዋል። ብዙ ሳይቆይ በአማራ ክልልም ጦርነት ተቀሰቀሰ። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ መንገዱ በየጊዜው ተዘጋ፣ ምሽት መንቀሳቀስ አደገኛ ሆነ። የስደተኞቹ መጠለያዎችም ከጥቃት አልዳኑም። ምሽት የሚጀመር ጨዋታን ማሳያ ቤት ሄዶ ማየት ስሌት የሚጠይቅ ነገር ሆነ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ቤት መግባት ይቻላል ወይ?

ሂላልም አገሩ ላይ መጫወት አልቻለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024/25 የውድድር ዘመን በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ገብቶ ተጫወተ። በሰንጠረዡ አናት ላይ ቢጨርስም ዋንጫው ለአገሬው ክለብ ተሰጠ። በአህጉራዊ ውድድርም «ሜዳዬ» ያለው ኑዋክሾትን ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም ቢሆን ከ2014 ወዲህ በደረጃቸው ብቁ የሆኑ ስታዲየሞች ስላልነበሩ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገዷል። ያን ዓመት ጋናን «በሜዳው» ያስተናገደው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ላይ ነው።

ስለዚህ በመተማ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ኳስ የሚያዩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የፋሲል ሌላው ስደት ያመጣው የሂላል ደጋፊ ቢሆኑ፣ የሚጋሩት ከሚለያያቸው ይበልጣል። ሁለቱም ክለባቸውን ሜዳው ላይ ካዩት ዘመን ተቆጥሯል፤ ጨዋታው ሌላ ቦታ ነው። ደጋፊነታቸውን ያቆየው ወሬው ነው፤ ስለ ትናንት ጨዋታ የሚደረገው፣ ስለ ነገ አሰላለፍ የሚደረገው፣ ማንም የማያሸንፍበት ወሬ።

ዋልካው ሜዳ

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆች ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ይወጣሉ። የጎል ቋሚው ሁለት ድንጋይ ወይም ሁለት እንጨት ነው። የቆላው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጥና እግር ይይዛል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ለጥጥና ለሰሊጥ የተመቸው መሬት ለኳስ አይመችም። ደህና ሜዳ ለመሥራት ሌላ አፈር አምጥቶ መሙላትና ውሃ ማስወገጃ ማበጀት ይጠይቃል። ስለዚህ ዓመቱ ለልጆቹ ሁለት ወቅት አለው፤ ጭቃው ደርቆ ስንጥቁ ሳይሰፋ ያለው አጭር ጊዜና ቀሪው ጊዜ። በዚያች አጭር ጊዜ የሙጂብን አገባብ የሚሞክር ልጅ፣ እንደ ሱራፌል ረጅም ኳስ የሚጥል ልጅ ይታያል። ስማቸውን ያወቁት በቴሌቪዥን ነው።

ቴሌቪዥኑ መምጣቱ መልካም ነው፤ ማንም ወደ ድሮው እንመለስ አይልም። ነገር ግን ሊጉን የሚመሩት ሰዎች አንድ ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ክለቦች ከተማቸውን ርቀው ለዓመታት ሲጫወቱ የሚተርፈው ደጋፊ በክርክር ብቻ የሚኖር ደጋፊ ነው። መተማ እንዲህ ኖራ ስላላፈረች ጎንደርም፣ ሶዶም እንዲህ ይኑሩ ማለት ፍርድ አይሆንም። አስተናጋጅ ከተሞች ሲመረጡ የክለቦቹ መኖሪያ ከተሞች ተራ ሊደርሳቸው ይገባል፤ ስታዲየሞቻቸውም ለዚያ ብቁ እንዲሆኑ መሠራት አለባቸው።

ለፋሲል ከነማ ኃላፊዎችና ለዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤትም የሚባል አለ። ቆላው ለዚህ ክለብ ጆሮውንና ጉሮሮውን ሲሰጥ ኖሯል። እግር እንዲሰጥም ይቻላል። ገንዳ ውሃ ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ቋራ ላይ አንዳንድ ደህና ሜዳ፣ ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ የሚደረግ የወጣቶች ውድድር፣ በዓመት አንዴ የሚወርድ ተጫዋች መልማይ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ፋሲል ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ዋንጫ አንስቷል። ተተኪ ተጫዋች ግን ያለ ሜዳ አይገኝም።